ኳርትዝ ወይስ ሜካኒካል? የሁለት አገር ሰዓት ለመግዛት ለሚያስበው ወንድማችን

ጥያቄውን ያላነበባችሁ ካላችሁ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ወንድማችን የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ወላጆቹ ያሉት አዲስ አበባ። በሥራ ቀን እጁ ላይ የሚያስረው የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ነው። አሁን ለቅዳሜና እሁድ፣ ለበዓልና ለጉዞ የሚሆን፣ የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳይ ጥሩ ነገር መግዛት ይፈልጋል። ምርጫውን ወደ ሁለት አጥብቦታል፤ አንዱ ሜካኒካሉ፣ ማለትም ያለ ባትሪ በሚጠመጠም ሞላ የሚሠራው ቱዶር ብላክ ቤይ ጂ.ኤም.ቲ. ሲሆን ሌላው በኳርትዝ፣ ማለትም በባትሪና በክሪስታል የሚሠራው ግራንድ ሴይኮ ጂ.ኤም.ቲ. ነው (ጂ.ኤም.ቲ. የሚባለው የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳይ ዓይነት ነው)። እስካሁን ከመለሱለት አብዛኞቹ “ለባትሪ ሰዓት ይህን ያህል ገንዘብ?” ብለው አልፈዋል። እኔ ራሴ ለዓመታት የማስረው ሜካኒካል ነው፤ ላንተ ግን ኳርትዙን እመክርሃለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ንቀቱ። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ የሴይኮ አስትሮን፣ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው። ኳርትዝ የርካሽ ሰዓት መለያ የሆነው ማምረቱ እየቀለለ ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ የኳርትዝ ሰዓቶች ውስጥ ያለው መሠረቱ አንድ ነው፤ ክሪስታሉ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሰርኪውቱ ያንን አሥራ አምስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ በሴኮንድ አንድ ምት ያደርሰዋል። ልዩነቱ ያለው ሙቀትና ቅዝቃዜ ክሪስታሉን ሲያዛባው በሚደረገው ነገር ላይ ነው። ተራው ሰዓት ምንም አያደርግም፤ ስለዚህ በወር እስከ 15 ሴኮንድ ይስታል። አንተ የመረጥከው ግራንድ ሴይኮ ውስጥ ያለው 9ኤፍ86 የተባለው ማሽን ግን በቀን 540 ጊዜ ሙቀቱን እየለካ ራሱን ያርማል፤ ስህተቱም በዓመት ከ10 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቱዶሩ የስዊዘርላንድን የክሮኖሜትር (የሰዓት ትክክለኛነት) ፈተና ያለፈ ነው፤ ፈተናው በቀን ከ4 ሴኮንድ መዘግየት እስከ 6 ሴኮንድ መፍጠን ይፈቅዳል። በወር ሦስት ደቂቃ ድረስ ሊሸሽ ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በሦስት ደቂቃ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው አላውቅም። የሰዓቱ ትክክለኛነት ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው ጥያቄ ሰዓቱ ሳታስረው ስንት ቀን ይቀመጣል የሚለው ነው። ቱዶሩ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ 70 ሰዓት ይሄዳል። እሁድ ማታ አውልቀህ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጠው ረቡዕ ማታ ይቆማል፤ ቅዳሜ ጠዋት ስታነሣው የአንድ አገር ሰዓት ብቻ አይደለም የምታስተካክለው። ደቂቃውን፣ የአዲስ አበባውን ቆጣሪ፣ የአሜሪካውን ቆጣሪ፣ ከዚያም ቀኑን። በዚህ ዓይነት ሰዓት ላይ ቀኑን ለብቻው በፍጥነት የሚያዞር መንገድ የለም፤ የሰዓት ቆጣሪውን ሁለት ዙር ስታዞር ነው አንድ ቀን የሚለወጠው። ሁለት ሳምንት ከቆመ ሃያ ስምንት ዙር ነው። ይህን በየሳምንቱ በደስታ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ አልቀልድም፤ ለእነሱ ግማሹ ጨዋታ እሱ ነው። ሌሎች ደግሞ ሰዓቱን ቀን ከሌሊት የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሳጥን ይገዛሉ። ባትሪ ንቀው ግድግዳ ላይ መሰካታቸው ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የሁለት አገር ሰዓት ስትፈልግ ከኳርትዝና ሜካኒካል በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ለብቻው የሚዘልለው የትኛው ቆጣሪ ነው? በአንዳንዶቹ ለብቻው የሚንቀሳቀሰው ባለ 24 ሰዓቱ ቆጣሪ ነው፤ ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ርካሹ ሴይኮ 5 ጂ.ኤም.ቲ. እንዲህ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ወደ ሌላ አገር ስልክ ለሚደውል ሰው ይበቃል። በሌሎቹ ግን ዋናው የሰዓት ቆጣሪ ራሱ፣ ደቂቃውና ሴኮንዱ ሳይቆሙ፣ በአንድ በአንድ ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም ይዘልላል፤ ቀኑም አብሮት ይሄዳል። ሮሌክስ ይህን በጂ.ኤም.ቲ. ማስተር 2 ላይ ያመጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። አንተ የመረጥካቸው ሁለቱም ከዚህ ወገን ናቸው፤ በዚህ በኩል ምርጫህ እንከን የለውም። ቦሌ ስትወርድ ቆጣሪውን ማዝለል ብቻ ነው። በአሜሪካ በመጋቢትና በኅዳር መጀመሪያ ሰዓት ሲለወጥም እንዲሁ አንድ ጊዜ ታዘልለዋለህ፤ አዲስ አበባ ሰዓቷን ስለማትለውጥ ሌላኛው ቆጣሪ አይነካም።

አሁን ለእኛ ብቻ ወደሚሆነው ጉዳይ ልምጣ፤ ሻጩ አይነግርህም። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በብርድ ወራት 8፣ በሙቀት ወራት 7 ሰዓት ልዩነት አለ። በእኛ አቆጣጠር ስድስቱ ስለሚቀነስ ሰዓቱ ገጽ ላይ የሚታየው ልዩነት 2 ወይም 1 ብቻ ነው። በጥር ወር ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 7 ሲል እናትህ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። “ታዲያ ለዚህ የሁለት አገር ሰዓት ምን ያደርጋል?” የሚለኝ አለ፤ ባለ 24 ሰዓቱ ቆጣሪ ቀንና ሌሊቱን ይለይልሃል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ቆጣሪውን በእኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 12 ሲሆን ቆጣሪው ከላይ 24 ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው በስተቀኝ ካለ እዚያ ቀን ነው፣ ቁጥሩንም እንዳለ አነባለሁ። በስተግራ ካለ ሌሊት ነው፣ አሥራ ሁለት ቀንሼ አነባለሁ፤ 23 ላይ ካለ ከሌሊቱ 11 ነው፣ እናትን ባትቀሰቅስ ይሻላል። ይህ አሠራር ግራንድ ሴይኮው ላይ ያምራል፣ ምክንያቱም የሚዞር ባለ ቀለም ቀለበት የለውም። የቱዶሩ ጠርዝ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ቀንና ሌሊትን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚለይ ቀለሙ ከእኛ ጋር አይገጥምም። የሚያሳብድ ነገር አይደለም፣ ግን እኔን ዓይኔን ይቆረቁረዋል።

ወጪውን በሚመለከት ባትሪው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይለወጣል። ሲያልቅ ሳይቀየር ውስጡ መተው የለበትም፤ ፈሳሹ ሰርኪውቱን ይበላል። ደግሞም ለመንገድ ዳር ባትሪ ቀያሪ አትስጠው። የአንድ ዘመዴ ሰዓት እንዲህ ተከፍቶ፣ ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት በትክክል ሳይገባ ተዘግቶ በመጀመሪያው ዝናብ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጭጋግ ለበሰ። ሜካኒካሉ ባትሪ አይጠይቅም፤ ግን በየተወሰኑ ዓመታት ተፈትቶ ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ለዚያም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል። በሌላ በኩል ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ቢበላሽ የሜካኒካሉን ጥርስ ቀርጾ የሚተካ ሰዓት ሠሪ ይገኛል። የኳርትዙ ሰርኪውት ከተቃጠለና ፋብሪካው መለዋወጫ ካቆመ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይሠራልህም። ለልጄ አወርሰዋለሁ ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የእኔም ምርጫ በዚህ ያጋደለ ነው፣ የሴኮንድ ቆጣሪው በገጹ ላይ የሚንሸራተትበት አካሄድ ተጨምሮ። በየቀኑ ስለማስረውም አይቆምብኝም።

አንተ ግን ስለ ውርስ አልጻፍክም፤ ቅዳሜ ጠዋት አንሥተህ አስረህ መውጣት እንደምትፈልግ ነው የጻፍከው። ስለዚህ ኳርትዙን ውሰድ። ልብህ ግን ወደ ሜካኒካሉ ካዘነበለ፣ ትልቁን ትተህ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቱዶር ብላክ ቤይ 58 ጂ.ኤም.ቲ. እጅህ ላይ ሞክር። ትልቁ 41 ሚሊ ሜትር ስፋትና ወደ 15 የሚጠጋ ውፍረት አለው፣ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አይገባም፤ አዲሱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውፍረቱም 13 አይሞላም። ያለፈው ፈተናም ከትልቁ ጠንከር ያለ ነው፤ በቀን መዘግየት የለም፣ መፍጠኑም ከ5 ሴኮንድ አያልፍም፣ ማግኔትም በቀላሉ አያስተውም።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ሻጩ ፊት ጎኑ ላይ ያለውን መሙያ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ስበህ የሰዓት ቆጣሪውን ወደፊትም ወደኋላም በእኩለ ሌሊት ላይ አሳልፈው። ቀኑ በሁለቱም አቅጣጫ በትክክል መለወጥ አለበት። ለኳርትዙ ባትሪው መቼና የት እንደተቀየረ፣ ለሜካኒካሉ የመጨረሻውን የጥገና ወረቀት ጠይቅ፤ ወረቀት ከሌለ የጥገናውን ዋጋ ከዋጋው ላይ ቀንሰህ ተከራከር።