የዛማ ውጊያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዓመት ሮማውያንና ካርቴጃውያን ዛማ ላይ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ ምድር፣ ተፋለሙ። ካርቴጅ የሰሜን አፍሪካ ከተማ፣ የሮማም ባላንጣ ነበረች። የሮማው ጦር መሪ ስኪፒዮ አሸነፈ፤ የካርቴጁ ጦር መሪ ታላቁ ሃኒባል ተሸነፈ። የጠየቃችሁኝ ብዙ ነው፤ በቀጥታ ልግባ።

ሃኒባል እኮ ካኔ ላይ ሮማውያንን ድባቅ የመታ ሰው ነው። እዚህ ምን ነካው?

ፈረሰኛ አነሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ ሲያሸንፍ፣ የካርቴጅ ጎረቤት የሆነችው የኑሚዲያ ፈረሰኞች ከሱ ጋር ነበሩ። ዛማ ላይ አብዛኞቹ ከጠላት ወገን ቆሙ። የኑሚዲያው ማሲኒሳ ቀድሞ ስፔን ውስጥ ለካርቴጅ የተዋጋ ሰው ነው፤ ኋላ ወደ ሮማ ዞረ። ለስኪፒዮ 4,000 ፈረሰኛና 6,000 እግረኛ ይዞለት መጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የውጊያው ግማሽ ያለቀው ማሲኒሳ የደረሰ ቀን ነው።

80 ዝሆን ይዞ እንዴት ይሸነፋል?

ስኪፒዮ ተዘጋጅቶበት ነበር። የእግረኛ ጓዶቹን አንዱን ከሌላው ኋላ በቀጥታ አሰለፈና በመሃል መተላለፊያ ተወ። ክፍተቱን ቀላል መሣሪያ በያዙ ወታደሮች ሞላው። ዝሆኖቹ ሲንቀሳቀሱ መለከቱ ከየአቅጣጫው ተነፋ። አንዳንዶቹ ደንብረው ወደ ራሳቸው ፈረሰኞች ዞሩ። ማሲኒሳ ይችን አጋጣሚ አላሳለፋትም፤ ወዲያው ገባባቸው። የቀሩት ዝሆኖች በጦር እየተወጉ በመተላለፊያው አለፉ።

ዝሆኖቹ ከኛ አገር የሄዱ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አይደለም። የካርቴጅ ዝሆኖች የሰሜን አፍሪካ ናቸው፤ ዛሬ እዚያ ዘራቸው ጠፍቷል። ከቀይ ባሕር አካባቢ ዝሆን ያስይዙ የነበሩት ግብጽን የገዙት ጰጥሎሜዎሶች ናቸው። አዱሊስ ላይ የነበረው የሦስተኛው ጰጥሎሜዎስ ጽሑፍም ከኢትዮጵያ ስለመጡ የጦር ዝሆኖች ያወሳል። ወሬው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ውጊያውን የለየለት ቅጽበት የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ዝሆኖቹን ያነሳል። እኔ ግን ስኪፒዮ ወታደሮቹን ያስቆመበትን ሰዓት እመርጣለሁ።

ሃኒባል እግረኛውን በሦስት ረድፍ ከፍሎ ነበር። ከፊት ቅጥረኞች፣ ቀጥሎ ሊቢያውያንና ካርቴጃውያን፣ ከኋላ ራቅ ብለው ከጣሊያን ይዟቸው የመጣ ነባር ወታደሮቹ። ቅጥረኞቹ ሲያፈገፍጉ ሁለተኛው ረድፍ አላስጠጋቸውም፤ እርስ በርስ ተጋደሉ። ያ ረድፍም ሲፈርስ ነባሮቹ ጦራቸውን ቀስረው የሸሸውን ሁሉ ከለከሉ። ሸሺው በጎንና በጎን መፍሰስ ነበረበት። ሃኒባል ምርጦቹን ሳይደክሙ ማቆየት ፈልጎ ነበር፤ ተሳክቶለታልም።

በሁለቱ መሃል ያለው መሬት በደም ረጥቦ ያንሸራትታል። ሬሳው ተከምሯል፣ የተጣለ መሣሪያ ተበታትኗል። በዚያ ላይ እየሮጡ ቢገቡ ሰልፉ ይበታተን ነበር። ስኪፒዮ መለከት አስነፍቶ አሳዳጆቹን መለሰ። ቁስለኞቹን ወደ ኋላ ላከ። የኋላ ረድፎቹን በግራና በቀኝ ጨምሮ አንድ ረጅም መስመር ሠራ። ደም የፈላበትን ወታደር መሃል ላይ ማስቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስኪፒዮን የማደንቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ሁለቱ ገጠሙ፤ ማንም ማንንም መግፋት አቃተው። በመጨረሻ ማሲኒሳና የስኪፒዮ ወዳጅ ላኤሊየስ የሸሹትን ፈረሰኞች ከማሳደድ ተመልሰው የሃኒባልን ሰልፍ ከኋላ መቱት። ያኔ አለቀ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደጻፈው ከካርቴጅ 20,000፣ ከሮማ ከ1,500 በላይ ሞቱ።

የሰላሙ ውል ምን ይል ነበር?

ከባድ ነበር። 10,000 መክሊት ጥሬ ብር በ50 ዓመት መክፈል። ከአሥር መርከቦች በቀር የጦር መርከቦችን ሁሉ ማስረከብ። የጦር ዝሆን አለመያዝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያለ ሮማ ፈቃድ አፍሪካ ውስጥ እንኳ አለመዋጋት። ማሲኒሳ በዚህ እየተጠቀመ መሬታቸውን ለዓመታት ቆረሰባቸው።

ሃኒባል ውሉን ተቃወመ?

በጭራሽ። አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ውሉን ሲቃወም ሃኒባል ራሱ ሄዶ ከመናገሪያው ጎትቶ አወረደው። ጉባኤው ሲቆጣ ይቅርታ ጠየቀ። በዘጠኝ ዓመቱ ከአገሩ ወጥቶ ከ45 ዓመት በላይ ሆኖት መመለሱን፣ የከተማውን ወግ አለማወቁን ተናገረ። ከዚያም ውሉን እንዲቀበሉ ለመናቸው፤ ተቀበሉም።