የጥበቃ ብር ያልከፈለ ከዕድር ይሰረዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር አባይ ማዶ፣ በማኅበር ተደራጅተን በሠራነው ሰፈር ነው። 24 አባወራ ነን፤ ሁላችንም የየራሳችን ካርታ አለን። እኔ የሰፈሩ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ዘንድሮ ሌባ ሲያስቸግረን ጥበቃ ቀጠርንና በየቤቱ በወር 300 ብር እንዲከፈል ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አሳወቅን። የውስጥ መንገዱንም በብረት በር ልንዘጋው ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ግን «ማን ጠየቀኝ? መጀመሪያ ደጄ ላይ የሚተኛውን ውሃ አፋስሱልኝ» ብለው አልከፍልም አሉ። ሊቀመንበራችን ከዕድር ይሰረዙ ይላል። እኔ ጨንቆኛል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዕድሩ ልጀምር። ዕድርና የጥበቃ ብር አይገናኙም። እኚህ አባት የዕድር መዋጯቸውን እየከፈሉ፣ ለቅሶ እየደረሱ፣ በሌላ ጉዳይ ተነስቶ ቀባሪ ማሳጣት ነውር ነው። ይህን ለሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ንገሪው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እዚያ ቤት ያለውን ሁሉ የማኅበር አባል ያደርገዋል፤ ደረጃውም ጣራውም የጋራ ስለሆነ የጋራ ወጪውን አልከፍልም አይባልም። እናንተ ግን እያንዳንዳችሁ በየካርታችሁ ናችሁ። ስለዚህ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ካለበት ፈልጊና አንብቢው። ስለ ጥበቃ ምንም ካላለ፣ ሰውን የሚያስረው ራሱ ተስማምቶ የፈረመው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 ውል ለተዋዋሉት እንደ ሕግ ነው ይላል፤ ላልተዋዋለው አይልም። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ መልእክት ደግሞ ውል አይሆንም። ለመሆኑ እሳቸው ስማርት ስልክ አላቸው? «ማን ጠየቀኝ» ያሉት እኮ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የብረቱን በር ሳታስበይዱ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። የውስጥ መንገድ ቢሆንም የከተማው እንጂ የኮሚቴው አይደለም። ሌሊት አምቡላንስ ቢመጣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናውስ ይገባል? እግረ መንገዳችሁን የሰፈሩን ፕላን አስወጥታችሁ እዩት፤ ክፍት ቦታና የውሃ መውረጃ የት እንደተተወ እዚያው ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን ውሃው ነው። ከተማችን ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ መሄጃ ካጣ እዚያው ይተኛል። አምና እኛ ሰፈር አንዱ መኪና ለማስገባት ብሎ ከበሩ ፊት ያለውን ቦይ በኮንክሪት ደፍኖ፣ ከሥር የክንድ ውፍረት የማትሞላ ቱቦ አስገባ። ሐምሌ ላይ ውሃው ከላይ ያሉ ሁለት ቤቶች ሳሎን ገባ። ኮንክሪቱን ስናነሳው ቱቦዋ በአሸዋና በሃይላንድ ፕላስቲክ ጥርቅም ብላለች፤ አንድ የልጅ ጫማም ወጣ። የእናንተም ቦይ የሆነ ቦታ እንዲህ ተደፍኖ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች በእግራችሁ ተከተሉት። የልብስ እጣቢና የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚለቅበት ቤት ካለ ደግሞ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለይዞታ ጎረቤቱን በመጥፎ ሽታም ሆነ በጭስ እንዳያስቸግር ይከለክላል።

አሁን የምትጀምሩበት ቦታ ስብሰባ ነው። ጥሪውን በየቤቱ በእጅ አድርሱ። መጀመሪያ ስለ ቦዩ፣ ቀጥሎ ስለ ጥበቃው ተነጋገሩ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተስማማ ይፈርም። 24 ቤት በ300 ሲባዛ በወር 7,200 ብር ነው። ለጥበቃው ስንት ተከፈለ፣ የቀረው የት ነው? አስልተሽ ለሁሉም አሳዪ። ጡረተኛ ግማሹን ይክፈል ብትሉም ማንም አይጎዳም።

ከስብሰባው በፊት ግን አንድ ቀን ዝናብ ሲያባራ ደብተርሽን ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ። ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው።