«ደንበኛዬ» የሚለውን ቃል አስጥያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሐዋሳ ላይ ለወጣት ጠበቆች የሦስት ቀን ሥልጠና ልትሰጪ ነው። ወላጆች ሲለያዩ «ልጅ ማን ጋ ይደግ» በሚለው ጉዳይ አስማሚ እንዲሆኑ፤ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ከተማ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካልኝም።

አንድ ሙሉ ቀን ሕግ አስተማርኩ። የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ 213/1992 አንቀጽ 113ን (ወላጆች ሲፋቱ ልጅ ማን ጋ ይሁን የሚለውን)፣ ከዚያ አዋጅ 1234/2013 ያመጣውን ፍርድ ቤት መር አስማሚነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ራሱ ጉዳዩን ወደ አስማሚ የሚመራበትን አሠራር። (የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ ክልላችን የሚሠራበትን ይዘሽ ግቢ።) ሕጉንማ ያውቁታል። የቸገራቸው መስማት ነው። ጠበቃ የሚያዳምጠው መልስ ለመስጠት ነው፤ እንጀራው ስለሆነ አይፈረድበትም።

በሁለተኛው ሥልጠና ከመጀመሪያው ሰዓት ልምምድ አስጀመርኩ። አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ አንዱ አስማሚ። አስማሚ የማንም ወገን አይደለምና፣ አስማሚ ሆኖ «ደንበኛዬ» ያለ ሰው ወንበሩን ይለቃል። አንድ ጎበዝ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስቴ አለው። በሚቀጥለው ዙር አባት አደረግኩት። አስማሚዋ «ሰኞ ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ከማን ቤት ነው?» አለችው። ብዙ ዝም አለና «ዩኒፎርሙ እናቱ ጋ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ልጁ ሆነ።

ስለዚህ የምትሰጪያቸው ታሪክ ዝርዝር ይኑረው። የልጁ ዕድሜ፣ ማን ያበላዋል፣ ሲታመም ማን ያድራል። አያትን አትርሺ። ብዙ ቤት ልጁን በተግባር የምታሳድገው አያት ናት፤ ስምምነቱ ላይ ግን ስሟ አይነሳም።

የሲዳማውን ባህላዊ የግጭት መፍቻ «አፊኒ»ን የሚያውቁ ሠልጣኞች ካሉሽ እነሱ ያስረዱ። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው፤ መስማት ይቀድማል። ግን ሁላችንም ያደግነው በሽምግልና ነውና አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ ሠልጣኞችሽ ሳያውቁት «ለልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ» ማለት ይጀምራሉ። እዚህ ሥራው ትዳሩን መጠገን አይደለም።

ቀለብ ላይ አንድ ልምምድ ጨምሪ። «ልጁን ስጠኝ፣ ቀለቡን ትቼልሃለሁ» የምትል እናት አምጪባቸው። ሁለቱም ወገን ደስ ይለዋል፤ አስማሚውም ፋይል ዘጋሁ ይላል። ቀለቡ ግን የልጁ ነው፣ እናት የምትተወው አይደለም። ስምምነቱን መርምሮ የሚያጸድቀው ዳኛ መሆኑንም ያስታውሱ።

ከምንም በላይ ጊዜ የምትሰጪው ግን ማስማማት የማይገባውን ጉዳይ ለይቶ ለማወቅ ይሁን። ሥራውን ስጀምር ባልና ሚስትን አንድ ክፍል አስቀምጬ በአንድ ሰዓት አስማማሁ። ሴትየዋ ሁሉንም «እሺ» አለች። እኔም ደስ አለኝ። ሳትፈርም «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብላ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ጥበቃውን «የኋላ በር አለ? እሱ ሳያየኝ ልሂድ» ስትለው ሰማሁ። ፋይሉን «አልተስማሙም» ብዬ ለዳኛው መለስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ላይ ከማስቀመጤ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ አነጋግራለሁ። «ቤት ስትጣሉ ምን ይሆናል?» እላለሁ። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ አላስማማም። ይህን ጥያቄ ጮክ ብለው፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ ደጋግመው ይለማመዱት። ለጠበቃ በጣም የሚከብደው እሱን መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው።

የልምምድ ታሪኮቼን ስምና ቦታ ቀይሬ ጽፌያቸዋለሁ፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።