ተማሪ ይዛችሁ ወፍ ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት

የመስክ አስተማሪ መሆን የምትፈልጉ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበርና የመንዝ ልጆች፣ እባካችሁ ብዙ ቦታ ለማየት አትሩጡ። አንድ ደን ምረጡና በበጋም፣ በበልግም፣ በክረምትም ተመላለሱበት። እኔን ብትጠይቁኝ ወፍ ዋሻን እመርጥላችኋለሁ። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶውና አስታው በአንድ ዳገት ተከታትለው ይገኛሉ። ልጆች ፊት ቆሞ የዛፍ ስም መደርደር ቀላል ነው። ልጁ በእጁ ይዞ የሚለየውን ነገር ማዘጋጀት ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ ሙያውም እዚያ ላይ ነው።

ከጥድ ጀምሩ። የሐበሻውንና የፈረንጁን ጥድ ከሩቅ የሚያምታታ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ የረገፈ ፍሬ አንሡ። የሐበሻው ትንሽና ሥጋ ያለው ነው፤ ሲበስል ሰማያዊ ሆኖ ወደ ጥቁር ያደላል። የፈረንጁ ግን እንጨት የመሰለ ጠንካራ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በየዛፉ ስለሚለይ ወንዴው ሥር ፍሬ አታገኙም። ፍሬ አጣን ብላችሁ ሌላ ዛፍ ነው እንዳትሉ፤ ጎረቤቶቹንም እዩ።

ከዚያ የውሃውን ሙከራ ተለማመዱ። ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ውሰዱና ታችኛውን ክዳን ቆርጣችሁ አውጡ። ደኑ ውስጥ የረገፈውን ቅጠል በእጅ ገለል አድርጉ፤ ጣሳውን አቁማችሁ ከላይ ጣውላ አኑሩበትና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ በድንጋይ ምቱት። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሱ፤ ሰርጎ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ በስልክ ያዙ። ከደኑ ወጥታችሁ ከብት በረገጠው ግጦሽ ላይ ያንኑ ድገሙ። በየቦታው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ባልረጠበ አዲስ መሬት ላይ ይሁን። ደኑ ውስጥ ውሃው ቶሎ ይሰርጋል፤ ሥርና ትል የከፈቱት ቀዳዳ አለና። ግጦሹ ላይ አፈሩ ስለተደመደመ ቆሞ ይቀራል። ጣሳው ዘንበል ካለ ውሃው በጎን ያመልጥና ውጤቱ ይበላሻል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ብትሞክሩ ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ስለሚሆን ልዩነቱ ይደበዝዛል። ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ፣ በበጋ ምንጭ ለምን እንደሚደርቅ ልጆቹ ከዚህ በኋላ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ እናንተ ለመመለስ አትቸኩሉ።

መንገዱን ተማሪ ሳትይዙ አስቀድማችሁ ሂዱበት። ሳማ ያለበትን፣ የሚያንሸራትተውን፣ ልጆች ተቀምጠው የሚሰሙበትን ቦታ ለዩ። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን፤ ልጆቹን ሁለት ሁለት አጣምሯቸው፣ የጎደለው ቶሎ ይታወቃል። በጣርማ በር በኩል ጉም ድንገት ይወርዳል። ያን ጊዜ የጠፋ ልጅ ባለበት ቆሞ ፊሽካ ይንፋ እንጂ መንገድ አይፈልግ፤ ይህን ከመነሻው ንገሯቸው። በክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚያሰጋ ከጋራው ጫፍ ቀድማችሁ ውረዱ። ጭላዳ ስታገኙ ምግብ አትስጡ። ምግብ የለመደ ጭላዳ ሰው መፍራት ይተዋል፤ የሚነከሰውም ልጅ ነው።

ወደ መንዝ ጓሳ የምትሄዱት ይህን ከለመዳችሁ በኋላ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ወፍራም ልብስ ያዙ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ጠዋት በጸጥታ ውጡ፤ ውሻ ግን በፍጹም አታስከትሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃል። ትልቁ ትምህርት ግን የአካባቢው ሰው የጓሳን ሣር የሚጠብቅበት የነበረው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚታጨደው ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ነበር፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ይህን ከእናንተ ይልቅ የአካባቢው ሽማግሌ ቢነግራቸው ይሻላል። ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ፤ በገበያና በበዓል ቀን አታገኟቸውም።