ባሕሩ ገና አልመጣም

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት በቀያሽነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባሕር ዳር ላይ ጡረተኛ የሚውልበት አያጣም። ከሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ተቀምጦ ወደ ዘጌ የሚሄዱትንና የሚመጡትን ጀልባዎች መቁጠር ብቻውን ቀን ያስመሻል። እኔ ግን ያለፈውን ክረምት ያሳለፍሁት ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ ነው። ጥፋተኛው የእህቴ ልጅ ነው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ የሰው መሬት ሲለኩ ኖሩ፤ እስቲ ደግሞ የራስዎን አገር ይቀይሱ» ብሎ ሲቪላይዜሽን የሚባለውን ጨዋታ ከፈተልኝ። ከዚያ ወዲህ ቡናዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጥቼ አላውቅም።

ወሬው በሰፈሩ ተዳርሶ አሁን አምስት ስድስት ልጆች በሰንበት ቤቴ ይሰበሰባሉ። ሲጫወቱ ዳር ሆኜ አያቸዋለሁ። ሲሸነፉ ሁሉም የሚያማርሩት የመጨረሻውን ጦርነት ነው፤ «ጠላት መድፍ ይዞ መጣ፣ እኔ ገና ጎራዴ ላይ ነበርሁ» ይላሉ። ነገሩ የተበላሸው ግን ከዚያ ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ በጨዋታው አቆጣጠር ማለቴ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ሰዓት ብቻ ነው። ስለ ቀሪው ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሞልተዋል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን እኛ የምንጫወተው በ2016 የወጣውን ስድስተኛውን ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ነው። በእጃችሁ ያለው አንድ ሰፋሪና አንድ ጦረኛ ነው። ዙሪያው ተሸፍኗል፤ ሰው ሄዶ ካላየው በቀር ወንዝ ይሁን በረሃ አይታወቅም። ካርታው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ትንንሽ ቦታዎች ተከፋፍሏል። እናንተ ትጫወታላችሁ፣ ሌሎቹ ነገሥታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ተራው እንደገና ይደርሳችኋል። በመደበኛው ፍጥነት፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ተራ 40 ዓመት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋሪውን የት እናሳርፈው የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንደኛው ጨዋታው ገና ከመከፈቱ ሰፋሪው የቆመበት ላይ ከተማውን ይቆረቁራል። ሁለተኛው «ከዚያ ኮረብታ ማዶ የተሻለ ይኖር ይሆናል» እያለ ስምንት ተራ ያዞረዋል። ስምንት ተራ ማለት 320 ዓመት ነው። የእኛም ነገሥታት ለረጅም ዘመን በድንኳን ኖረዋል፤ የአንዱ ቦታ እህልና ማገዶ ሲያልቅ ወደ ሌላው ሲነሡ፣ በዚሁ በጣና ዙሪያም ከእንፍራዝ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ደንቀዝ ሲሉ ቆይተው በዐፄ ፋሲል ጊዜ ጎንደር ላይ ረጉ። እነርሱ ግን ድንኳኑን ሲነቅሉ መንግሥቱም አብሯቸው ይሄድ ነበር። የእናንተ ሰፋሪ ከተማ እስኪቆረቁር ድረስ አንዳች ነገር አያመርትም። የእኔ ልማድ ጦረኛውን አስቀድሜ ማንቀሳቀስ ነው። እርሱ የገለጠውን አይቼ ሰፋሪውን ባዛውረው አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ነው። በሦስተኛው ተራ የከተማዬ ስም ካርታው ላይ ካልተጻፈ ራሴን እቆጣለሁ።

ሳሳርፈው የማየው ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከበረሃ ምንጭ አጠገብ የተቆረቆረ ከተማ 5 መኖሪያ ይዞ ይጀምራል። ከጨው ውኃ ዳር የሆነ 3፣ ውኃ የራቀው 2 ብቻ ነው የሚያገኘው። የሕዝቡ ቁጥር ወደዚያ ጣሪያ ሊደርስ አንድ ሲቀረው እድገቱ በግማሽ ይወርዳል። እዚህ ላይ የከተማችን ስም ያሳስታችኋል። እኛ ጣናን ባሕር እንለዋለን እንጂ በጨዋታው ሕግ ጣና ሐይቅ ነው፣ የሚጠጣ ውኃ። ከልጆቹ አንዱ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ላይ ነው የቆረቆርሁት» ብሎ እየተኩራራ ቢያሳየኝ ከተማው ያለው ውቅያኖስ ዳር ነው። ወንዙ ሁለት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ነበር።

ውኃን ካነሣሁ አንድ ውርደቴን ላጫውታችሁ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ግንቦት፣ ከሐይቁ ዳር አንድ ቦታ እንድቀይስ ተላክሁ። መሬቱ ደረቅ፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ሜዳ ነበር። ቴዎዶላይቱን፣ የቀያሽ መለኪያ መሣሪያውን፣ ተከልሁ፤ ሠራተኞቹ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በየሃያ ሜትሩ ቸከሉ፤ እኔም መዝገቤ ላይ በቀጥታ መስመር «የሐይቁ ዳርቻ» ብዬ ጻፍሁ። ከአጠገባችን አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን አቁመው ፀሐይ ያስመቱ ነበር። ብዙ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«የባሕሩን ዳር እየለካሁ ነው፣ አባባ።»

«ባሕሩ ገና አልመጣም እኮ።»

ሳቅሁ። መስከረም ላይ ስመለስ ከመጀመሪያው ረድፍ ችካል አንድም አይታይም። የሁለተኛው ረድፍ ቀያይ ጫፎች ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ ብቅ ብለዋል፤ አንደኛው ላይ ወፍ ቆማበታለች። ጣና ከክረምቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይቆይና መስከረም ላይ ይሞላል፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። የሐይቁን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራው ግድብም ያኔ አልተሠራም ነበር። እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ ደግሞ ውኃ አንድ ሜትር ከፍ አለ ማለት ዳርቻው ወዲያ ርቆ ሄደ ማለት ነው። ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ቀን ተመላለስሁ፤ አላገኘኋቸውም።

ይህን ያነሣሁት የጨዋታው ካርታም እንዲሁ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ተራ የምታዩት ግንቦትን ነው። ፈረስ ያለበት ቦታ የሚታየው ከብት ማርባትን ካወቃችሁ በኋላ ነው። ብረትም ነሐስ መሥራትን እስክታውቁ ድረስ ካርታው ላይ የለም፤ መሬቱ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጨመረው ክፍል ወንዝ ሞልቶ ማሳ ያፈርሳል፣ ደለሉ ደግሞ አፈሩን አዳብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የምርት ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ቦታ ብቻ እየመረጣችሁ አትጠጋጉ። ኮረብታ የበዛበትን፣ ለጊዜው ምንም የማይመስለውን አካባቢ አንድ ከተማ ያዙበት። እኔ ሁለት ጊዜ ብረት ያገኘሁት ማንም ባልፈለገው ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም አላገኘሁም፤ ያም ያጋጥማል።

ከተማው ከተቆረቆረ በኋላ ምን ይመረት? ቃኚ። ዋጋው 30 የምርት ነጥብ ነው፤ ከሰፋሪ ዋጋ ግማሽ አይሞላም። ከኮምፒውተሩ ነገሥታት ቀድሞ አንዲት ነጻ ከተማ (ከነገሥታቱ ማንም የማይገዛት) ያገኘ ሰው አንድ መልእክተኛ በነጻ ይሰጠዋል፤ በካርታው ላይ ያሉ መንደሮች የሚሰጡት ስጦታም ቀድሞ ለደረሰ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓይን ይሆናችኋል። ጨዋታው ባርባሪያን የሚላቸውን እኔ ሽፍታ ነው የምላቸው፤ ጠባያቸው የሽፍታ ነውና። ሰፈራቸውን የሚሠሩት ማንም በማያየው ቦታ ነው። እናንተ የምታዩት ኮረብታ ላይ ሰፈር አይበቅልም። ከዚያ ሰፈር አንድ ሰላይ ይወጣል፤ ከተማችሁን ካየ ራሱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይወጣና ወደ ሰፈሩ ይሮጣል። ደርሶ ከተናገረ ጦር ይዞባችሁ ይመጣል። ልጆቹ ይህን ሰላይ ይንቁታል። «ምን ያደርጋል፣ አንድ ለእናቱ ነው» ይላሉ። እኔ ግን እርሱን ለማስቀረት ጦረኛዬንም ባለወንጭፌንም ከያዙት ሥራ አስነሣቸዋለሁ። ባለወንጭፉ በዚያው አንድ ጠላት ከገደለ የቀስተኛነት ዕውቀት 40 በመቶው በነጻ ይመጣል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስቶንሄንጅን፣ በጨዋታው ከሚሠሩት ድንቅ ሥራዎች አንዱን፣ ካልሠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ነቢይ ይሰጣል፣ ሃይማኖት ያስመሠርታል፣ ደግሞም ያምራል። ዋጋው 180 ነው። የመጀመሪያው ሰፋሪ ዋጋ 80 ነው፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሰፋሪ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ በአንድ ክምር ድንጋይ ዋጋ ሁለት ከተማ ሊወጣኝ ይቀርብ ነበር። የእህቴ ልጅ የችግሩን ደረጃ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎት ኖሯል። በዚያ ደረጃ ኮምፒውተሩ ከሦስት ሰፋሪ ጋር ይጀምራል፤ እኔ በአንድ። ስቶንሄንጁ ሊያልቅ ጥቂት ተራ ሲቀረው ሌላ ንጉሥ ቀድሞ ጨረሰው። ቀና ብዬ ካርታውን ባየው፣ የእኔ ነው ስለው የነበረው ወንዝ ዳር የጎረቤቴ ከተማ ተተክሎበታል። የመጀመሪያ ደመወዜንም እንዲሁ ሙሉ ልብስ አሰፍቼበት ነበር። ጫማዬ ቀዳዳ ነበር፤ ቀያሽ ደግሞ የሚኖረው በእግሩ ነው።

አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የሚፈልጉትን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በወረራው ጊዜ ጎበዙ ሰው ዓይኑን የሚተክለው በባላንጣው እጅ ላይ ነው፤ ያኛው አሰላለፉን ሲለውጥ ይህም ያንቀሳቀሰውን መልሶ ያስተካክላል። የሲቪላይዜሽን የመጀመሪያ ሰዓት ለእኔ ወረራ ነው። ጎረቤታችሁ ሁለተኛ ከተማውን ወዴት አቅጣጫ ቆረቆረ? ወደ እናንተ ከሆነ ቀጣዩ ሰፋሪያችሁ ወደዚያው ይሂድ። ከጀርባችሁ ያለው ለም መሬት የትም አይሄድም፤ ለመድረስ በእናንተ በኩል ማለፍ ያስፈልጋልና ይቆያችኋል። የእኛ ገበሬ ወሰን ላይ ያለውን ማሳ አስቀድሞ የሚያርሰው ለምንድን ነው? ብቻ አፍንጫው ሥር አትግቡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከተጨመረው ሕግ ወዲህ ለባዕድ ከተሞች በጣም የቀረበ አዲስ ከተማ ታማኝነቱ እየተሸረሸረ ይከዳል።

ስለ ምኒልክ አንድ ነገር ልበል፤ አብዛኞቻችሁ የምትመርጡት እርሱን ነውና። ወደ ጨዋታው የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኮረብታ ላይ የሚቆረቁራቸው ከተሞች ከሚያመነጩት እምነት (ጨዋታው እንደ ምርት በቁጥር ይለካዋል) 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ፤ ጦሩም ኮረብታ ላይ ይበረታል። ይህን ያነበበ ልጅ ሁሉ ከተሞቹን በየደረቁ ተራራ ላይ ይሰቅላል። በ20ኛው ተራ እምነታችሁ ስንት ነው? ከምንም ላይ የሚወሰድ 15 በመቶ ምንም ነው። እውነተኛው ምኒልክ እንኳ እንጦጦ ላይ ቆይተው፣ ምሽጉ ደኅና ሆኖ ውኃውና ማገዶው ሲቸግር፣ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ወደ ፍልውኃው ወረዱ፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚያ መንገድ ነው። ኮረብታውን ከወንዙ ጋር ካገኛችሁት ግን አትለፉት።

ይህን በወረቀት የምጽፈው መብራት ስለሄደ ነው። 38ኛው ተራ ላይ ነኝ። ሦስት ከተማ አለኝ፤ ሦስተኛው ዙሪያውን ቡና ስላለው ስሙን ዘጌ ብዬ ለውጬዋለሁ። አራተኛው ሰፋሪ ከአንድ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ቦታው ጥሩ ይመስላል፤ በስተሰሜን ያለው ኮረብታ ግን ገና አልተገለጠም፤ ጦረኛው ሊደርስበት አንድ እርምጃ ቀርቶታል።