የአየር ንብረት ፖሊሲ ሥራ ከጅማ መጀመር ይቻላል

ጥያቄ፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መንግሥት የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ባወጣው ፖሊሲ ዙሪያ መሥራት እፈልጋለሁ። ሥራው ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው ይሉኛል። ልሂድ? ወይስ መጀመሪያ ማስተርሴን ልማር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ይቆዩ። ለምን እንደሆነ ፖሊሲው ራሱ ይናገራል።

ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2021 ለፓሪስ ስምምነት ባቀረበችው የተሻሻለ ዕቅድ ደግሞ፣ ምንም ካልተደረገ በ2030 ወደ 403.5 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ የሚደርሰውን ልቀት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። በራሷ አቅም የምታሳካው 14 በመቶውን ሲሆን ቀሪው 54.8 በመቶ የውጭ ድጋፍ ሲገኝ የሚሠራ ነው። ለሥራ ፈላጊ ዋናው ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው፤ ገንዘብ የሚሰጥ አካል ልቀቱ መቀነሱ ተለክቶ ካልታየው አይከፍልምና። የዓለም ባንክ በ2023 ለኦሮሚያ የደን ፕሮግራም እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚሁ መንገድ ነው፤ ክፍያው የሚለቀቀው ቅነሳው ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሥራውን ያስተባብራል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር የአረንጓዴ ኢኮኖሚውን ፈንድ ይይዛል፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። እዚያ ሪፖርት የሚያጠናቅር ሰው አይጠፋም። የሚያንሰው ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባውን ቁጥር መስክ ወርዶ በትክክል የሚያመጣ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ በለጠ ጌራን የመሰለ ደንና የቡና ማሳ በቅርብ ያለው ተማሪ የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ከዛፍ ልኬት ጀምሪ። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ መረጃ የሚበላሸው ግን እዚሁ ነው። የግንዱ ዲያሜትር የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ከሆነ በሽቅቡ በኩል ተቁሞ ነው። ዛፉ ከሥሩ ክንፍ ካወጣ፣ ክንፉ ካለቀበት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይባላል። ከ1.3 ሜትር በታች መንታ ከሆነ እንደ ሁለት ግንድ ይመዘገባል። የዛፉን ደረቅ ክብደት ለማስላት በሐሩር አካባቢ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦ 0.0673 × (የእንጨት ጥግግት × ዲያሜትር² × ቁመት)^0.976። ጥግግቱ 0.6፣ ዲያሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ የጥላ ዛፍ ወደ 1,020 ኪሎ ደረቅ ክብደት ይሰጥሻል። በ0.47 ስታባዢው ካርቦኑን፣ ያንን ደግሞ በ3.67 ስታባዢ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ታገኛለሽ፤ ወደ 1,760 ኪሎ ይጠጋል። አሁን ሜትሩ ዝቅ ብሎ ዞረና ዲያሜትሩ 44 ተነበበ እንበል። ውጤቱ በ20 በመቶ ያብጣል። የአራት ሳንቲ ሜትር ስህተት ነው! ኋላ ላይ አረጋጋጭ መጥቶ ዛፉን ደግሞ ሲለካ ክፍያው የሚያዘው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የቡና ተክል በዚህ ቀመር አይሠራም። ግንዱ የሚለካው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ቡና የወጣው ቀመር ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ በ0.147 ማባዛት ነው። 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 5.3 ኪሎ ይሆናል።

ቡናን ካነሳን፣ ጅማ ላይ አሁን ብዙ ሥራ የሚፈጥረው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ገበያው ውስጥ አይገባም። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም ላኪዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የየገበሬውን ማሳ መገኛ መመዝገብ አለባቸው። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ ያለው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይሳላል። እዚህ ላይ ሁለት ችግር ይገጥማል። አንደኛው የመለኪያ ሥርዓት ነው። የቆየው የአገራችን ካርታ በአዲንዳን፣ የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። የገበሬው ቡና ደን ውስጥ ወይም ወንዝ ላይ ያረፈ ይመስላል፣ ሰውየውም ባላጠፋው ከገበያ ይወጣል። የካርታው ዞንም (ዩቲኤም የሚባለው የምድር ክፍፍል) ይታይ፤ ጅማ ከተማና አካባቢዋ ዞን 37 ውስጥ ናቸው፣ ከ36 ዲግሪ መስመር ወደ ምዕራብ ሲታለፍ ግን ዞን 36 ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የደን ትርጉም ነው። ለኢትዮጵያ ደን ማለት ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ጥላ ሽፋን ያለው ነው። የአውሮፓው ሕግ 5 ሜትርና 10 በመቶ ይላል፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለን መሬት ደግሞ ከደን አይቆጥርም። ስለዚህ በአገር በቀል ጥላ ሥር ያለ አንድ የቡና ማሳ በአንዱ መዝገብ ደን፣ በሌላው እርሻ ሊሆን ይችላል። ይህንን ልዩነት በማስረጃ አስደግፎ ማስረዳት የሚችል ተመራቂ ለላኪም ለዞን መሥሪያ ቤትም ይፈለጋል። ፖሊሲ ላይ መሥራት ያልሽውም በተግባር ይኸው ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚሁ አውጪው። «አርሶ አደሮች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያላቸው ግንዛቤ» የሚል መጠይቅ እባክሽ ይቅርብሽ፤ መደርደሪያው በሱ ተሞልቷል። ይልቅ አንድ የአረንጓዴ አሻራ ቦታ ምረጪና የጸደቀውን ችግኝ ቁጠሪ። መርሐ ግብሩ ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ ይካሄዳል፤ የተተከለው ቁጥር በሰፊው ይነገራል፣ ፖሊሲው የሚፈልገው ግን የጸደቀውን ነው። ራዲየሱ 5.64 ሜትር የሆነ ክብ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በ2 በ2 ሜትር በተተከለ ቦታ ወደ 25 ጉድጓድ ይይዛል። ባዶውንም ጉድጓድ ቁጠሪ፤ በዕቅድ ላይ ባለው ቁጥር ካካፈልሽ ውጤቱ ይዛባል። አንድ ጊዜ ጥቅምት ላይ፣ ሌላ ጊዜ በጋው ሲያልፍ ቁጠሪ። ሞቱን የሚያሳየው ሁለተኛው ቆጠራ ነው።

ከብትም አይረሳ። የአገራችን ትልቁ የልቀት ምንጭ ከእርሻው ዘርፍ ነው፤ በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) የ2006 መመሪያ ቀላሉ፣ የመጀመሪያ ደረጃ በሚባለው ስሌት አንዲት የማትታለብ ላም በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን ታወጣለች፣ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንጻር ባለው የማሞቅ አቅም፣ በ28 ሲባዛ 868 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ። ደን ላይ የሚሻማው ብዙ ነው፣ ይህንን ስሌት የያዘ ግን ጥቂት ነው።

የካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስና የመስክ መረጃ መሰብሰቢያው ኮቦ ቱልቦክስ በነፃ ይገኛሉ፤ አንድ ሴሚስተር ይበቃሻል። በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ገበሬውን በሱ የምታነጋግሪ፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ የምትጽፊ ከሆንሽ ዕድልሽ ይሰፋል። ሲቪሽ ላይ «ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጥልቅ ፍላጎት አለኝ» ከማለት ስንት ቦታ እንደለካሽ፣ በምን ዘዴ፣ ስህተትሽ በመቶኛ ስንት እንደነበር ጻፊ። ካርታውንም አያይዢ።

ማስተርሱን ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ያዢው፤ ያኔ የካርቦን ስሌት ይሁን የአየር ንብረት ፋይናንስ ወይስ የአካባቢ ሕግ የሚጎድልሽን ታውቂዋለሽ። እስከዚያው የወረዳ ግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ የቡና ዩኒየንና የደን ፕሮጀክት ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የመስክ አበል መኖሩንና የማጓጓዣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ውል ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ።