ጥያቄና መልስ፦ ለጦር ጉዳተኞች ስለሚሰፋው ብርድ ልብስ

አሜሪካ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የጨርቅ ቁራጮችን አጋጥመው ለቆሰሉ ወታደሮች ብርድ ልብስ እንደሚሰፉ ከጻፍሁ ወዲህ፣ ሥራውን እዚህ በደሴና በአካባቢዋ ከጀመሩ አንባቢዎች ደብዳቤ ደርሶኛል።

ከሰኞ ገበያ፦ የስፌት መኪና የለኝም፤ በእጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ ስፌቱ ብቻ ይጥበቅ።

አንዲት የኮምቦልቻ እናት ጎረቤቶቻቸው «ለጀግና ድሪቶ ይሰጣል ወይ?» ስላሏቸው ሥራውን ሊተዉት አስበዋል።

እባክዎ አይተዉት። ድሪቶ ያለቀ ልብስ ምትክ ሲታጣለት እየተጣፈ የሚለበስ ነው፤ እራፊው የሚመጣው ከቀዳዳው በኋላ ነው። ይህኛው ግን ከአዲስ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተመርጦ፣ ከሥሩ ገበር፣ ከመካከሉ ባዘቶ ገብቶለት ሦስቱ በአንድነት የሚሰፉ ነው። እዚያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ልጃቸው ኢራቅ የዘመተባቸው እናት ሲሆኑ፣ ብርድ ልብሱም ይሸለማል እንጂ ይታደላል አይባልም። እኛም ጋቢ ለአባቶቻችን ስንሰጥ ተነሥተን ትከሻቸው ላይ እናለብሳለን እንጂ በፌስታል አናቀብልም። ሆኖም ያረጀ አንሶላ ቆርጠው ከሆነ የሚሰፉት፣ ጎረቤቶችዎ ልክ ናቸው፤ አካሉን የሰጠ ሰው ከቤታችን የተረፈውን ሊቀበል አይገባም። ሌላም አለ፤ ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት ተቀባዩን ቀለም ያስመርጡት። የወታደር ልብስ የሚመስለውን ጨርቅ በኩራት የሚመርጥ አለ፤ ዳግመኛ ሊያየው የማይፈልግም አለ። ይህን ሳይጠይቁ መስፋት በእኔ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው።

መጠኑስ?

የአሜሪካዎቹ ከ140 በ165 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይጠይቃሉ። ለደሴ ብርድ ርዝመቱ 2 ሜትር ቢደርስ እመርጣለሁ፤ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ጎማው እንዳይስበው ከጉልበት ጥቂት የሚወርድ ይበቃል።

ከሆጤ የጻፉልን ልጅ፣ አባታቸው በ1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ ቆስለው ከተመለሱ ጀምሮ ሌሊት እየጮኹ እንደሚነቁ ገልጸው፣ ከበድ ያለ ብርድ ልብስ እንቅልፍ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ብርድ ልብሱን ይስፉላቸው፤ በእርሱ ብቻ ግን አይመኑ። የጦርነት ትዝታ ከብዙ ዓመት በኋላም እንቅልፍ ይነሣል፤ ይህም የፍርሃት ምልክት ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጸበሉንም ሆነ ዱዓውን ሳይተዉ፣ አባትዎን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዷቸው። በዚህ ወር ይውሰዷቸው፤ «እምቢ ይላሉ» ብለው ስለጻፉልኝም፣ የሚያከብሩት አንድ የጦር ጓደኛቸው አብሮ ይሂድ። እስከዚያው ሲጮኹ በእጅ ነክተው አይቀስቅሷቸው፤ ራቅ ብለው በስማቸው ይጥሯቸው።

ቁስሉ ላልዳነ ሰው ማልበስ ይቻላል?

ፋሻውን የሚቀይርለትን ነርስ ይጠይቁ።

ቀዩ ጨርቅ ቀለም ለቅቆ ነጩን አበላሸብኝ።

ጨርቅ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፤ ቀዩ ለብቻው። ነጩን ተርትረው ይቀይሩት፤ እንዳለ አይስጡት።